የመዝጊያው ዘፈን

የተተውኩት በወንድ ፆታ ነው። ስልኬ ላይ የመጣው መልእክት «ይቅርታ። አንተ ጥሩ ሰው ነህ» ይላል። እኔ ደግሞ ሴት ነኝ። ለንደን፣ አርችዌይ ባለችው አንድ ክፍል ቤቴ አራት ዓመት አብሮኝ ሲኖር ይህን ሳያስተውል የቀረ አይመስለኝም።

ስህተቱ የክፋት አልነበረም፤ ክፋቱ ሌላ ነው። ልጁ ለንደን ተወልዶ ለንደን ያደገ ነው። አባቱን አያውቅም። አማርኛን የለቀመው ዊልስደን ውስጥ ብቻቸውን ካሳደጉት ከእናቱ አፍ ነው። እሳቸው «አንተ» ሲሉት፣ «አንተ» ማለት ፊት ለፊትህ ያለ ሰው ሁሉ መስሎት አደገ። ስለዚህ እናቱን አንተ ይላል። ቄሱን አንተ ይላል። አንድ ፋሲካ የቄሱን ባለቤት «አንተ እንዴት ነህ?» ብሎ ጨብጧቸው ሴትዮዋ እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ሲስቁ ሰነበቱ። እኔንም ገና የተዋወቅን ሰሞን አውቶቡስ ስንጠብቅ «አንተ ዛሬ በጣም ታምራለህ» አለኝ። ላርመው እችል ነበር። አላረምኩትም፤ ጣፈጠኝ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው ለእንደኔ ዓይነቷ ነው።

ላርመው እችል ነበር ያልኩት እንጀራዬ ቋንቋ ስለሆነ ነው። የስልክ አስተርጓሚ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ በካውንስል፣ ማለት በአካባቢው አስተዳደር፣ እና በተከራይ፣ በሐኪምና በታማሚ መካከል እቀመጣለሁ። ሰውየው «ጣራዬ ያፈሳል» ካለ እኔም በእንግሊዝኛ «ጣራዬ ያፈሳል» እላለሁ፤ ሴትየዋ «ወገቤን» ካለች እኔም «ወገቤን» ነው። ሥራውን ስንጀምር ያስተማሩን ሦስት ነገር ነው፦ አትጨምሩ፣ አትቀንሱ፣ አትለውጡ። በዚህ ሕግ እኮራ ነበር። አንድ ቀን ሰው ልወጋበት እንደምችል ግን አላሰብኩም።

እሱ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ጃፓንኛ ተምሯል። ቅዳሜ ከሰዓት ላፕቶፑን ወንበር ላይ አስቀምጠን የጃፓን አኒሜ እናያለን። እናቱ «ካርቱን» ይሉታል፤ «ሁለት ሙሉ ሰው ቁጭ ብሎ ካርቱን!» እያሉ ይቀልዱብን ነበር። እኔን የያዘኝ ታሪኩ አይደለም፤ እያንዳንዱ ክፍል ሲያልቅ የሚመጣው ዘፈን ነው። ዘጠና ሴኮንድ ነው የሚሰጡት። የሠሪዎቹ ስም ሲያልፍ ከሥሩ አንድ ሰው ይዘፍናል። እኛ የመዝጊያ ዘፈን እንለው ነበር። ታሪኩ ስለፈለገው ነገር ይሁን፣ ስለ ሰይፍ፣ ስለ ኳስ፣ ስለሚናገር ድመት፣ የመዝጊያው ዘፈን ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ የተተወ ሰው አይጠፋም።

የሚገርመኝ መተውን የሚዘፍኑበት መንገድ ነበር። በእኛ ዘፈን የተተወ ሰው ይራገማል፣ ምስክር ይጠራል፣ አንጀቴ ሆዴ ይላል፣ ጎረቤቱ ሳይቀር ያውቅለታል። እነሱ ዘንድ የተተወችው ሴት ስለቀዘቀዘ ሩዝ ትዘፍናለች። ወይ ስለ ባቡር በር። ወይ ሁለት የነበረው የጥርስ ብሩሽ አንድ ስለመሆኑ። መጀመሪያ ያናድደኝ ነበር፤ «ስደቢው እንጂ!» እላት ነበር ስክሪኑን። እየቆየ ግን ነገሩ ገባኝ። ስድብ ተሰድቦ ያልቃል፤ ሩዙ እዚያው ጠረጴዛው ላይ አለ።

ለእነዚህ ዘፈኖች ከሥራቸው አማርኛ እየጻፍን የምንለጥፍበት አንድ ገጽ ኢንተርኔት ላይ ከፈትን። ስማችንን አልጻፍንበትም። እሱ ጃፓንኛውን በእንግሊዝኛ ይነግረኛል፣ እኔ አማርኛ አደርገዋለሁ። እሱ ፊደል አያነብም፣ አይጽፍም፤ ስለዚህ ገጹ ላይ ያለው እያንዳንዱ ቃል ከእጄ የወጣ ነው። ወፍራም ደብተር ነበረን፤ በግራ በኩል የእሱ እንግሊዝኛ፣ በቀኝ በኩል የእኔ አማርኛ። ትዳር ቢኖረን ኖሮ ውላችን እሱ ደብተር ይሆን ነበር።

ከሁሉም ያጣላን አንድ ዘፈን ነበር። ጃንጥላ ስለሚጠግኑ ሰዎች የሚተርክ ዝግ ያለ አኒሜ መዝጊያ ነው። ቴሌቪዥን ላይ የሚሰማው ዘጠናው ሴኮንድ ጣፋጭ ነው፦ ሁለት ሰዎች ሁለት ጃንጥላ ይዘው ይወጡና አንዱን ብቻ ይዘረጋሉ፣ የአንደኛው ትከሻ ይረጥባል። ሙሉውን ዘፈን ያልሰማ ሰው የፍቅር ዘፈን ነው ብሎ ይምላል። ሙሉው ግን አራት ደቂቃ ነው፤ ከሁለተኛው ደቂቃ ጀምሮ አንደኛው ሲነጋጋ ጫማውን በእጁ ይዞ ይሄዳል፣ ሌላኛው ተኝቶ የመሰለው ነቅቶ ይሰማዋል።

«የሄደው ማን ነው? ወንድ ነው ሴት?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ኢት ዳዝንት ሴይ» አለ። «ጃፓንኛው ዝም ይላል።»

አማርኛ ዝም ማለት አይችልም አልኩት። ወይ ሄድክ ነው ወይ ሄድሽ፤ መሃሉ የለም። አንዱን ካልመረጥኩ ግሱን መጨረስ አልችልም። እሱ ትከሻውን ነቅነቅ አደረገና «ጀስት አንተ በለው» አለኝ። ለእሱ ይህ ምርጫ አልነበረም፤ ሰው ሁሉ አንተ ነው። እኔ ግን ያን ቀን ቃሉን ልጽፈው አልቻልኩም። «በሩን ቀስ ብለህ ዘጋህ» ብዬ ጀምሬ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ፤ የማውቀውን ሰው የምከስ መሰለኝ። የቀኙ ገጽ ባዶውን ቀረ።

እሱ እኔን ጥሎ የሄደው ጁን ወር ውስጥ ነው። በዚያ ወር ለንደን ከወፍ ቀድማ ትነጋለች። ክፍሉ ውስጥ ብርሃን ነበር፣ ዓይኔን ግን ጨፍኜ ነበር። ልብሱን ከቁም ሳጥኑ ሲያወጣ ሰማሁት። የሻንጣውን ዚፕ ጥርስ በጥርስ ሲዘጋ ሰማሁት። ብነሳና «ወዴት ነው?» ብለው መልስ መስጠት ይኖርበት ነበር፤ ኩራቴ አላስነሳኝም። ይልቅ ራሱ ይቀስቅሰኝ ብዬ ተኛሁ። ማንም ሰው ሲወጣ በሩን ይስበውና መቆለፊያው ቀጭ ይላል። እሱ ግን ከውጭ ሆኖ ቁልፉን አስገብቶ አዞረ፣ የመቆለፊያውን ምላስ ወደ ውስጥ ሳበው፣ በሩን ገጠመው፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ለቀቀው። የቁልፉን መዞር ሰማሁ እንጂ ቀጭ ሲል አልሰማሁም። ቁልፉን በበሩ ሥር ወደ ውስጥ ገፋው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ያ «አንተ ጥሩ ሰው ነህ» መጣ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እኔማ ልረሳ ይቅርና ቂሜን እንደ አበባ ውሃ አጠጣሁት። ትቷቸው የሄደውን የጃፓን የሥዕል መጻሕፍት ሰብስቤ የመጨረሻ ክፍላቸውን እያወጣሁ ቀሪውን ለበጎ አድራጎት ለሚሸጥበት ችሪቲ ሱቅ ሰጠሁ። የሚገዛው ሰው መጨረሻውን እንዳያውቅ ነው። የሚገዛው ሰው ምን በደለኝ? ምንም። ያን ጊዜ የሚታየኝ እንደዚያ ነበር፤ የሆነ ሰው፣ የሆነ ቦታ፣ መጨረሻው ይጥፋው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን እቆማለሁ፤ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት የሚባለው እየታወሰኝ ቆሜ እወጣለሁ። በእናቱም ቂም ይዣለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ ቤታቸው በልቼ፣ «ልጄ» ሲሉኝ ኖረው፣ ልጃቸው ሲተወኝ አንድ ቀን አልደወሉም።

በዓመቱ ገጹ ላይ ከማላውቃት ልጅ መልእክት ደረሰኝ። ሙሽራ ነኝ ትላለች። መልሴን ባተርሲ ባለ አዳራሽ ነው የምደግሰው፤ ለባሌ አንድ የሚወደው የአኒሜ ዘፈን አለ፣ ኬክ ስንቆርስ ሰርፕራይዝ ላደርገው ነው፣ ትልልቅ ሰዎች እንዲገባቸው አማርኛ ጽሑፍ ከሥሩ ብታደርጉልኝ፣ ትላለች። ከሥር ሦስት ቀይ ልብ አለ። የባሏንም ስም ጽፋለች። ደግሜ አነበብኩት። እሱ ነው። ገጹ የማን እንደሆነ እንዳልነገራት ገባኝ። ዘፈኑም ያው የጃንጥላው ነው። የላከችው ደግሞ ዘጠናውን ሴኮንድ ሳይሆን ሙሉውን፣ አራት ደቂቃውን ነው።

ልጅቷ ዘጠናውን ሴኮንድ ብቻ ነበር የምታውቀው። ጨዋ ሰው ቢሆን «እህቴ፣ ይህ የመለያየት ዘፈን ነው፣ ሌላ ምረጪ» ይላል። እኔ «በደስታ» ብዬ መለስኩላት።

እውነቱን ልናገር፤ ያን ሳምንት የተደሰትኩትን ያህል ተደስቼ አላውቅም። ምንም ክፉ ነገር አላደርግም እኮ! አልጨምርም፣ አልቀንስም፣ አልለውጥም። በእንግዳ በተሞላ አዳራሽ፣ በሽማግሌና በቄስ ፊት፣ በትልቅ ስክሪን ላይ፣ ያደረገውን አንድ በአንድ አነብበታለሁ፤ ጣቱን የሚቀስር ካለ ዘፋኟን ይጠይቅ። ደብተሩን አወጣሁ። በግራው ገጽ የእሱ እጅ ጽሑፍ እንዳለ ነበር። ባዶውን የቀኝ ገጽ ለመሙላት ሦስት ቀን ፈጀብኝ። አንተ ወይስ አንቺ የሚለው አሁን አላስቸገረኝም። ጀስት አንተ በለው ብሎኝ የለ? አልኩት።

ሁለት ጃንጥላ ይዘን ወጣን፣
አንዱን ብቻ ዘረጋን፤
የአንተ ትከሻ ረጠበ፣
የእኔ ደረቅ ቀረ።

በሩን ቀስ ብለህ ዘጋህ፣
እንዳልነቃ ብለህ፤
ጫማህን በእጅህ ይዘህ
ደረጃውን ወረድክ።

አንድም ቀን አልነገርኩህም፤
ዛሬ ስለዘነበ ልንገርህ፤
ነቅቼ ነበር።

ልጅቷ አማርኛውን አስቀድማ እንዳታየው ፈርቼ ነበር። ፋይሉን ስልክላት ግን በጣም ቢዚ ነኝ፣ አምናችኋለሁ ብላ በቀጥታ ለአዳራሹ ሰውዬ አስተላለፈችው። «አምናችኋለሁ» የሚለው ትንሽ ወጋ አደረገኝ። ትንሽ ነው ያልኩት።

ከመልሱ ማግስት የቪዲዮ ቁራጭ ላከችልኝ። ስልኬን ኩሽናው ጠረጴዛ ላይ ከስኳሩ ዕቃ ጋር አስደግፌ ልክ እንደ ፊልም ተቀመጥኩ። አዳራሹ ሙሉ ነው። ዘፈኑ ይጀምራል፣ ስለ ጃንጥላው ሲያነቡ ሰዎች ፈገግ ይላሉ፣ አንዲት ሴት የባሏን ትከሻ መታ መታ ታደርጋለች። ከዚያ «በሩን ቀስ ብለህ ዘጋህ» መጣ። መድረክ መሪው ወረቀቱን ያገላብጣል። ሙሽሪት ወደ ስክሪኑ ዞራ ግንባሯን ቋጠረች። እሱን ፈለግሁት፤ ቢላዋውን እንደያዘ ቆሟል። ፊደል አያነብም፤ ጃፓንኛውን ግን ቃል በቃል ያውቀዋል፣ የግራውን ገጽ የጻፈው እሱ ነው። ፊቱ አመድ ሆነ። እንዲህ ነው እንጂ፣ አልኩ ጮክ ብዬ፣ ለስኳሩ ዕቃ።

«ነቅቼ ነበር» የሚለው ሲመጣ እናቱ ተነሱ። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው በጠረጴዛዎቹ መሃል አልፈው ሄዱና አንገቱ ላይ ተጠመጠሙ። እያለቀሱ ነው። ሰው ሁሉ ግራ ተጋባ፣ መድረክ መሪው ግን ከሰው ቀደመ፤ ማይኩን አንስቶ ይህ ሙሽራው ለእናቱ ያዘጋጀው ስጦታ ነው አለ። እልልታው ቤቱን አናጋው። ሙሽሪትም ነገሩ አሁን የገባት መስሏት ማልቀስ ጀመረች። እሱ በእናቱ ትከሻ ላይ አሻግሮ ስክሪኑን ያያል። አፉን ከፍቶ አይደለም ማለት ይችል ነበር። አላለም። የእናቱን ጀርባ ደበስ ደበስ አደረገ፣ ከዚያ ወደ ሚስቱ ዞሮ «ነይ» አላት።

«ና» አይደለም። «ነይ» ነው ያላት። መልሼ መልሼ ሰማሁት። አንቺ ማለት አስተምራዋለች።

ሁለት ቀን እህል አልቀመስኩም። የእኔን ቂም፣ የሦስት ቀን ሥራዬን፣ የነቃሁበትን ጠዋት ወስዶ ለእናቱ ስጦታ አደረገው፤ ያውም ምንም ሳይናገር። ልጅቷ በኋላ የጻፈችልኝ ምስጋና ርዝመቱ! መልስ አልሰጠሁም።

ሐሙስ፣ በሁለት ጥሪ መካከል፣ እናቱ ደወሉ። ዓመት ሙሉ ያልደወሉ ሴትዮ፣ ልክ ትናንት የተለያየን ይመስል «ልጄ፣ እሑድ ነይልኝ» አሉኝ። እሄዳለሁ አልኩ። የምለውንም ያን ጊዜውኑ ወሰንኩ፦ እማማ፣ ያ ጽሑፍ ለእርስዎ አይደለም፤ ልጅዎ ለእርስዎ አንድ መስመር አልጻፈም፤ ጥሎኝ ስለሄደ እሱን ለማዋረድ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ይኼው ነው። ስጦታውን ከእጃቸው ቀምቼ እመለሳለሁ። እንደሚያማቸው አውቃለሁ። እንዲያማቸው ፈልጌ ነበር።

ዊልስደን ያለው ፍላታቸው እንደነበረ ነው፤ ሁለተኛ ፎቅ፣ ኮሪደሩ ላይ የጎረቤት ብስክሌት። ሻይ በፔርሙስ አቀረቡና ገና ሳልቀመጥ ስልካቸውን ሰጡኝ። የአዳራሹን ስክሪን ፎቶ አንስተውት ነበር፤ የሰው ራስ ከሥር ገብቶበታል።

«የጻፍሽለት አንቺ ነሽ፤ አውቃለሁ። እሱ ፊደል የት ያውቅና!» አሉኝ። «እሱ ሲነግርሽ አንቺ ስትጽፊለት ነው እንደድሮው። አይደል?»

አፌን ከፈትኩ። እሳቸው ግን መልስ አልጠበቁም፣ ቀጠሉ። ልጅቷ ጥሩ ልጅ ናት አሉ፤ ግን አማርኛውን እያረመችለት ከታጩ ወዲህ እርስዎ ይላቸዋል። የእሷ ቤተሰብ ፊት ነውር ነው ተብሎ ነው። ትክክል ነው፣ እንዲህ ነው የሚባለው፣ አሉ፤ ግን እሑድ መጥቶ «እንዴት ዋሉ?» ሲላቸው ካውንስል የላከው ሰው ይመስላቸዋል። እንግዲህ ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ተቀምጠው ሳለ ስክሪኑ ላይ «አንተ» የሚል መጣ። ለእናቱ አንተ ብሎ የሚያጽፍ ሰው በዚህ ዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው።

«የአንተ ትከሻ ረጠበ ይላል። ከትምህርት ቤት ስመልሰው ጃንጥላዋ ትንሽ ነበረች፤ እሱ ላይ ነበር የማዘነብላት» አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። «በሩን ግን እንዴት አወቀ? ይህን ለማንም አልተናገርኩም።»

ነገሩን ነገሩኝ። እሱ ስድስት ሰባት ዓመት ሲሆነው ቢሮ ያጸዱ ነበር፤ በመጀመሪያው አውቶቡስ ይሄዳሉ። ሌላኛው ክፍል የምትኖር ልጅ ነበረች፣ ተነስታ ቁርስ አብልታ ትምህርት ቤት የምታደርሰው እሷ ናት። ከእንቅልፉ ነቅቶ ሲሄዱ ካያቸው ግን ያለቅሳል፤ ከሱ ጋር ማልቀስ ከጀመሩ ደግሞ አውቶቡሱ ያመልጣቸዋል። ስለዚህ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ይወጡ ነበር። «በሩንም...» አሉና በቃል መግለጹ ስላቃታቸው ተነሱ። ቁልፋቸውን ይዘው ወደ ኮሪደሩ ወጡ። እኔ ውስጥ ተቀምጬ ቀረሁ።

በሩ መጣ፣ ገጠመ። ድምፅ የለም።

ያን ዝምታ አውቀዋለሁ። ቁልፉ ከውጭ ይገባል፣ ይዞራል፣ ምላሱ ይሳባል፣ በሩ ይገጥማል፣ ከዚያ ቀስ ተብሎ ይለቀቃል። አርችዌይ አልጋዬ ላይ ሆኜ ዓይኔን ጨፍኜ የሰማሁት ይህንኑ ነበር። ማንም እንዲህ በር ዝጋ ብሎ አላስተማረውም። የተማረው ተኝቶ አይደለም።

ከፍተው ሲገቡ «እንዳየሽው ነው» በሚል ዓይነት ፈገግ አሉ። ቆመው ቁልፉን እያሻሹ ያዩኛል።

«እኔ እኮ ይህን ሁሉ ዘመን ተኝቶ ነበር የሚመስለኝ» አሉ። «እውነት ነቅቶ ነበር?»

አይ፣ ማለት እችል ነበር፤ የመጣሁትም ለዚያ ነው። እማማ፣ ዘፈን ነው፣ የጃፓን ዘፈን፣ ብል ያልቃል። ነገር ግን ያን ለማለት ከሦስቱ ሕግ አንዱን መስበር ነበረብኝ፤ እውነቱን አሁን አውቄዋለሁ።

«ነቅቶ ነበር» አልኳቸው።

«ነገረሽ?»

«አልነገረኝም። ከእኔ ቤት ሲወጣ በሩን እንደዚሁ አድርጎ ነው የዘጋው። ቁልፉን ከውጭ አዙሮ። ከእርስዎ ነው የተማረው።»

መጀመሪያ ደስታው ፊታቸው ላይ መጣ፤ ልጃቸው ነቅቶ ነበር፣ ሰምቷቸው ነበር፣ አንድም ቀን አልቅሶ አውቶቡስ አላስመለጣቸውም። ወንበሩን ስበው ተቀመጡ። ከዚያ ያልኩት ሌላው ግማሽ ደረሳቸው። ፎቶውን መልሰው አዩት። መስመሩን በጣታቸው እየተከተሉ ከላይ እስከ ታች እንደገና አነበቡት፤ አሁን በሌላ ሰው ድምፅ እንደሚያነቡት ታወቀኝ። ቀና አሉ።

«አንቺም ነቅተሽ ነበር» አሉ።

«ነቅቼ ነበር።»

ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«እኔ እኮ በሩን እንደዛ የምዘጋው ለመመለስ ነበር» አሉ።

የእኔ ቤት ቁልፍ በበሩ ሥር ወደ ውስጥ እንደተገፋ ቢነገራቸው ምን ይጠቅማል? ሳልናገርም የገባቸው መሰለኝ። መነጽራቸውን አጠለቁ፣ ስልካቸውን ወሰዱ፣ የልጃቸውን ቁጥር ነኩ። እንዲህ ፊታቸው ጠቁሮ አይቻቸው አላውቅም። ስልኩ ይጠራል። አነሳው፤ «እንዴት ዋሉ?» ሲል እስከ እኔ ድረስ ይሰማል።

«እርስዎውን ተወውና» አሉት፣ «አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው።»

እናትና ልጅ ሲነጋገሩ ተነስቶ መውጣት ጨዋነት ነው። ፔርሙሱን ወደ እኔ ሳብኩት፣ ሻይ ጨምሬ ቀዳሁና ቁጭ አልኩ።